አንገት ቢቃና ማይግሬን ይለቃል?

አንድ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተሽ ለግማሾቹ ሕመምተኞች እውነተኛውን ክኒን፣ ለቀሩት ደግሞ መልኩ የማይለይ ባዶ ክኒን ይሰጣል። ሕክምናው በእጅ የሚሰጥ ሲሆንስ? አንገቱን ተይዞ በፍጥነት የተገፋ፣ ቋ የሚል ድምፅም የሰማ ሰው ምን እንደተደረገለት ያውቃል። በኖርዌይ፣ ኦስሎ አጠገብ በሚገኘው የአከርሹስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የነበሩ ተመራማሪዎች ለዚህ መላ ዘየዱ። ማይግሬን ያለባቸውን 104 ሰዎች ለሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ በካይሮፕራክተር፣ ማለትም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ በሚያስተካክል ባለሙያ፣ እጅ አከርካሪያቸው ተገፍቶ ተስተካከለ። ሁለተኛዎቹ በዚያው አልጋ ላይ ተኝተው፣ አከርካሪያቸው ሳይነካ የትከሻ አጥንታቸው ጠርዝና መቀመጫቸው አካባቢ ተገፋ። ሦስተኛዎቹ የለመዱትን መድኃኒት ብቻ መውሰድ ቀጠሉ። በእጅ የታከሙት ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ 12 ጊዜ ተመላለሱ፤ አብዛኞቹም፣ የማስመሰያው ሕክምና የደረሳቸው ጭምር፣ እውነተኛውን ያገኙ መስሏቸው ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም የማይግሬን ቀናት በሦስቱም ቡድኖች ቀንሰው ተገኙ። ሕክምናው ካበቃ በኋላ መድኃኒት ብቻ ሲወስዱ የነበሩት ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ሲመለሱ፣ በእጅ የታከሙት ሁለቱ ቡድኖች መሻሻላቸው አልጠፋም። ነገር ግን አከርካሪው በተስተካከለለትና ትከሻው በተገፋው መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልነበረም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሰዎቹ መሻላቸው እውነት መሆኑን ነው። ያሻላቸው ግን የአከርካሪው መቃናት አይመስልም፤ በየጊዜው መታየት፣ መዳሰስ፣ ይሻለኛል ብሎ መጠበቅ በሕመም ላይ ጉልበት አለው። በእጅ መታከም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ወለምታ ሲያጋጥመን ቀድመን የምናስበው ወጌሻን ነው፤ የሚያውቅ እጅ ሲነካን ሰውነታችን ዘና የሚለውም በከንቱ አይደለም።

ይህ የካይሮፕራክተሮች ሙያ፣ ካይሮፕራክቲክ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ነው። በማግኔት ኃይል አክማለሁ ይል የነበረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር፣ ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የጽዳት ሠራተኛ ጆሮው ደንቁሮ ነበርና አከርካሪውን ገፍቼ መስማት እንዲችል አደረግሁት አለ። ከዚያም አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከቦታቸው ፈቀቅ ያሉ የአከርካሪ አጥንቶች ነርቭ ሲጫኑ ነው ብሎ ማስተማር ያዘ። የመስሚያ ነርቭ ግን ከአንጎል በቀጥታ ወደ ጆሮ ይሄዳል እንጂ በአከርካሪ ውስጥ አያልፍም። ዛሬ በአሜሪካ ሁሉም ግዛቶች ካይሮፕራክተሮች ፈቃድ ይዘው ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም የፓልመርን ትምህርት ትተው በጀርባና በአንገት ሕመም ላይ ያተኩራሉ።

የፓልመር ሐሳብ ስህተት ቢሆንም አንገትና ራስ ምታት ግን በእርግጥ ይገናኛሉ። ከግንባር፣ ከዓይን ዙሪያና ከአንጎል ሽፋን ሕመምን የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ፣ ጭራው እስከ ላይኛው የአንገት ክፍል ድረስ ይወርዳል። እዚያም ከላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮች ጋር በአንድ የሕዋሳት ስብስብ ላይ ይገጣጠማል። ከሁለት መንደር የወረደ ጎርፍ አንድ ወንዝ ከገባ በኋላ የትኛው ውኃ ከየት እንደመጣ እንደማይለይ ሁሉ፣ አንጎልም እዚህ ከተቀላቀሉ በኋላ የሕመሞቹን ምንጭ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ የአንገት መገጣጠሚያ ሲታመም ሕመሙ ከዓይን ጀርባ ሊሰማ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ማይግሬን ራሱ ማጅራትን ያሳምማል። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሰዓታት በፊት አንገቱ የሚገትረው ሰው «አንገቴ ነው ያመጣብኝ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአንገቱ መገተር የማይግሬኑ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ማይግሬን የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው። ሲነሳ ከትራይጀሚናል ነርቭ ጫፎች ሲጂአርፒ የተባለ ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የወጡት አዳዲስ የመከላከያ መርፌዎችም የሚያግዱት ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይወቅራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከአንገት የሚመነጨው ራስ ምታት ጠባዩ ሌላ ነው። ከማጅራት ተነስቶ በአንድ ወገን ብቻ ወደ ፊት ይመጣል፣ አንገት ሲዞር ይብሳል፣ አንገቱም እንደልብ አይዞርም። የእጅ ሕክምና የተሻለ ማስረጃ ያለው በዚህኛው ላይ ነው። 256 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 18 ጊዜ የታከሙት ሰዎች በየአራት ሳምንቱ የነበረባቸው የሕመም ቀን ከ16 ገደማ ወደ 8 ወርዷል። ለንጽጽር ቀላል ማሸት ብቻ የተደረገላቸውም ስለተሻሻሉ፣ ከሕክምናው የመጣው ትርፍ በወር ሦስት ቀን ያህል ነው። ሦስት ቀን ሥራ መዋል ለቻለ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ጭንቅላትን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ እንደማሰር በሚሰማው የውጥረት ራስ ምታት ላይ ግን በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት፣ አንገትን መግፋት ከማሸት በላይ የጨመረው ነገር እንደሌለ አሳይቷል።

አንገት ሲገፋ ቋ የሚለው ድምፅም አጥንት ወደ ቦታው መመለሱን አያበስርም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ፣ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የጣት መገጣጠሚያ በኤምአርአይ እየታየ ሲሳብ፣ ድምፁ የተሰማው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ ክፍተት በተፈጠረበት ቅጽበት ነበር።

ወደ ማንም እጅ ከመሄድ በፊት የሚወሰዱትን ማስታገሻዎች መቁጠር ይገባል። እንደ ፓራሲታሞል ያለውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ራስ ምታቱን የሚያባብሰው ክኒኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው አንገቱን ማስገፋት አይፈይደውም፤ ክኒኑን በሐኪም ምክር መቀነስ ነው የሚጠቅመው።

አንገትን በኃይል መግፋት ያልተለመደ ግን ከባድ አደጋም ይነሳበታል። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ቧንቧዎች በአንገት አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋሉ። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስንጥቁ ራሱ የአንገትና የራስ ሕመም ስለሚፈጥር፣ ቀድሞ ተሰንጥቆበት ለዚያው ሕመም ወደ ካይሮፕራክተር የሚሄድ ሰው ይኖራል፤ በዚህ የተነሳ ምክንያቱንና ውጤቱን መለየት ለተመራማሪዎች አስቸጋሪ ሆኗል። ያም ሆነ ይህ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባለሙያዎች ይህን አደጋ ለታካሚው አስቀድመው እንዲነግሩ መክሯል። ከዚህ በፊት የማያውቁት ዓይነት የአንገት ወይም የማጅራት ሕመም በድንገት የጀመራቸው፣ በተለይም ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ወገን መዛል የታከለባቸው ሰዎች አንገታቸውን ለማንም ሳያስነኩ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።