የትኩሳት ወረቀት ላይ ቁጥር ይጻፍ

ጎፋ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የበሽታውን ስም ራሱ አውጥቶለት ነው የሚደርሰው። «ምች መትቶኝ ዳማከሴ ጠጥቼ ነበር፤ አልለቀቀኝም፤ እስቲ ታይፎይድና ታይፈስ እዩልኝ» ይላል። ወደ ላብራቶሪያችን የሚገባው የምርመራ ወረቀትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይደግማል፦ ለታይፎይድ ዊዳል፣ ለታይፈስ ዌል ፌሊክስ። የመጀመሪያው ከ1896፣ ሁለተኛው ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራባቸው ናቸው። ሁለቱም የሚፈልጉት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም በዊዳል 1፡160 ስላሳየ ብቻ የዛሬው ትኩሳት የታይፎይድ ነው አይባልም። ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ግን በዚያው ወረቀት ይታዘዛል።

መቅደም የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ትኩሳቱ የኢንፌክሽን ነው ወይስ አይደለም? ሪህ፣ ሉፐስ፣ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር፣ በእግር ደም ሥር የረጋ ደም፣ የምንውጠው መድኃኒት ራሱ ያተኩሳሉ። ለዚህ ጥያቄ በቅርባችን ያለው ሲ አር ፒ የተባለውን የደም ፕሮቲን መለካት ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ቲሌት እና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም የሳምባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። የሚያመርተው ጉበት ነው። ሰውነት ሲቆጣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መጨመር ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ መንስኤው ሲወገድ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ትኩሳቱ በጀመረ በሦስተኛው ሰዓት የተቀዳ ደም ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ የሚያረጋጋ ነገር የለውም።

ሲ አር ፒ እንደ ሰፈር ዘበኛ ፊሽካ ነው፤ አንድ ነገር መምጣቱን ይናገራል እንጂ ሌባ ይሁን ጅብ አይለይም። ለመለየት የሚረዳን የፊሽካው ኃይል ነው፤ እኛ ግን እሱን ትተን «ፖዘቲቭ» ብለን እንጽፋለን። ሲ አር ፒን በላቴክስ ምርመራ ስንሠራ ሴረሙን ስላይድ ላይ ከላቴክሱ ጋር ቀላቅለን እንወዘውዛለን፤ ከጓጎለ ፖዘቲቭ ነው። የሚጓጉለው በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማ ሲሞላ በመሆኑ 8 ያለበትም 200 ያለበትም ሰው እኩል ፖዘቲቭ ይባላሉ። ከ20 በታች ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል፤ ከ100 በላይ ይጨምራል። መካከሉ ላይ የሚፈርደው የሕመሙ ታሪክ ነው። መፍትሔው ውድ ማሽን ብቻ አይደለም። ሴረሙን በኖርማል ሳላይን 1፡2፣ 1፡4፣ 1፡8 እያሉ ማቅጠንና የጓጎለበትን የመጨረሻ ቅጥነት በ6 ማባዛት ነው። 1፡16 ላይ ከጓጎለ 96 ገደማ ይሆናል።

ቁጥሩ ከሌላው ውጤት ጋር ሲነበብ ይናገራል። ለሳምንታት የሚያተኩሳት፣ መገጣጠሚያዋን የሚያማት፣ አንቲባዮቲክ ደጋግማ የጨረሰች ወጣት እናስብ። የቀይ የደም ሕዋሳት የመዝቀጥ ፍጥነት (ኢ ኤስ አር) ከ100 በላይ፣ ሲ አር ፒ ዝቅተኛ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ያነሰ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ሐኪሙ ሉፐስን ሊያስብ ይገባል። በተቃራኒው ጉልበታቸው ያበጠ አባት ሲ አር ፒያቸው ከ100 አልፎ በሽታው ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ከጉልበቱ ፈሳሽ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

በ1993 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የተዋወቀው ፕሮካልሲቶኒን ከሲ አር ፒ ይፈጥናል፤ በቫይረስ ሕመም ብዙም አይጨምርም። ነገር ግን ቲቢ ባለበት ሰው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል «ኢንፌክሽን የለም» ብሎ ማሰናበት ያሳስታል። ከባድ ወባ ደግሞ ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባን እንረሳለን፤ ጎፋ የሚኖር ሾፌር ወይም የግንባታ ሠራተኛ ግን ከጋምቤላ ወይም ከመተሐራ በተመለሰ ሳምንት ሊያተኩሰው ይችላል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም ወባ በአገራችን በመገኘቱም ኪቱ ኔጋቲቭ ቢል እንኳ ብለድ ፊልም መታየት አለበት።

በዚህ መንገድ መሥራት እንደሚያዋጣ በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የዳሬሰላም ጥናት ሲ አር ፒና ፕሮካልሲቶኒንን ከሌሎች ፈጣን ምርመራዎችና ከሕክምና መመሪያ ጋር አጣምረው ከታከሙ ሕፃናት አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው 11 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ለንጽጽር በተያዘው ሌላ መመሪያ ከታከሙት ግን 30 በመቶ ገደማ። ያልዳኑት ልጆችም አልበዙም፤ ይልቁንም ቀነሱ።

የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፣ የመደመር ምልክቱን ትታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ሐኪሞች፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ወረቀቱ ላይ አስፍሩልን፤ ታይፎይድ ከጠረጠራችሁ ደግሞ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር እዘዙ። ታካሚዎችም የምርመራውን ስም ከመንገራችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩን፦ መቼ እንደጀመራችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ።