እግር ማየት የሚችል ባለሙያ

የስኳር ሕመም ክትትል ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲቀርብ ደሙ ይለካል፣ ግፊቱ ይታያል፣ መድኃኒቱ ይታዘዛል። «እስቲ ጫማዎትን ያውልቁ» የሚለው ባለሙያ ግን ጥቂት ነው። እግሩ ያበጠበት ገበሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ቢሄድም የሚቀበለው ባለሙያ ስለዚያ እግር በኮሌጅ የተማረው እጅግ አነስተኛ ነው። ዓይን የዓይን ሐኪም፣ ጥርስም የጥርስ ሐኪም አለው። እግር ግን በየክፍሉ ተበታትኗል፦ ሥጋ ደዌው ቆዳ ክፍል፣ ስኳሩ ውስጥ ደዌ፣ የቆሰለው ቀዶ ሕክምና፣ ዝሆኔው ትኩረት በሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ፕሮግራም ሥር። የበሽታው መነሻ ምንም ይሁን ምን እግርን የማየትና የመንከባከብ ሙያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሥልጠናውም አንድ ላይ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ምንጩ የትንኝ ንክሻ ወይም ተውሳክ እንዳልሆነ አጥብቆ ያስረዳው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የእግር ቁስል ያጠና የነበረው ፕራይስ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በሽታው እሳተ ገሞራ ከፈጠረው ቀይ አፈር ጋር እንደሚሄድ አስተዋለ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲታረስ ከአፈሩ የሚወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ በዘር ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይም የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ከዚያ እብጠት ይከተላል። የዘር ተጋላጭነቱን ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በ2013 በከበደ ደሪቤ መሪነት በ659 ወረዳዎች የተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራ ደግሞ ስፋቱን ገለጠው፦ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከተመረመሩት ሰዎች 4 በመቶ ያህሉ በሽታው ነበረባቸው። ከዚህ ተነስቶ በአገር ደረጃ ወደ 1.5 ሚሊዮን አዋቂዎች እንደታመሙ ተገምቷል። ይህን ሁሉ ሰው ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል መላክ አይታሰብም። እንክብካቤው ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ላይ ካልተሰጠ የትም አይሰጥም።

ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚማረው መለየትን ነው። የፖዶኮኒዮሲስ እብጠት ከእግር ጣትና ከመዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንዱ ከሌላው ቢብስም፤ ከጉልበት በላይ የሚያልፈውም አልፎ አልፎ ነው። በትንኝ የሚተላለፈው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ፣ ሕዝቡ እሱንም ዝሆኔ ቢለውም፣ በቆላ ይበዛል፤ አንድ እግርን ሊመርጥ፣ ብሽሽትን ሊነካ፣ በወንዶች ላይም የዘር ፍሬ ከረጢትን ሊያሳብጥ ይችላል። ሥጋ ደዌ ከሆነ የእግሩ ስሜት ይደነዝዛል፤ በፖዶኮኒዮሲስ ግን የጣቶቹ ስሜት አይጠፋም። ልዩነቱን ማወቅ ለስም ብቻ አይደለም። የሥጋ ደዌ ታማሚ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን በቶሎ መጀመር አለበት፤ የፊላሪያሲስ አካባቢ ነዋሪ ደግሞ በዘመቻ የሚታደለው አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ሊደርሰው ይገባል።

ቀጥሎ ደረጃ መስጠት ይመጣል። ለፖዶኮኒዮሲስ በ2008 የታተመው ባለ አምስት ደረጃ አመዳደብ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተሞከረ ነው፤ የተሠራውም መሣሪያ ለሌለው ባለሙያ ታስቦ ነው። እብጠቱ ሌሊት አድሮ ጠዋት ሙሉ በሙሉ የሚጎድል ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። ሳይጎድል ከቀረና ቆዳው ላይ የሚወጡት እባጮች ከቁርጭምጭሚት በታች ከተወሰኑ ሁለተኛ ነው፤ እባጮቹ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከታዩ ሦስተኛ፤ እብጠቱ ከጉልበት ካለፈ አራተኛ፤ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ካለ አምስተኛ። ከዚህ ጋር ከጉልበት በታች ትልቁ ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ቆዳው እንደ ድንጋይ ሽበት ሻክሮ መብቀል አለመብቀሉም ይመዘገባል። ሁለት ሠልጣኞች አንድን እግር ለየብቻ አይተው የሰጡትን ደረጃ ሲያነጻጽሩ ብዙውን ጊዜ የሚለያዩት አንደኛና ሁለተኛው ላይ ነው፤ ጠዋት እግሩ ምን እንደሚመስል ታማሚውን ሳይጠይቁ በዓይን ብቻ መወሰን አይቻልምና።

የስሜት ምርመራ ሌላው ነው። በስኳር ሕክምና የታወቀው 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ነው፤ ሞኖፊላመንት ይሉታል። ክሩ በማይገኝበት ቦታ ግን ጣት ይበቃል። በ2011 በእንግሊዝ ኢፕስዊች ከተማ በጄሪ ሬይማን ቡድን የቀረበው የመንካት ምርመራ ይህ ነው፦ ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣቱ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በቀስታ ይነካል፤ ታማሚው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ለቁስል ተጋልጧል። ሠልጣኞች የሚሳሳቱት ተጭነው በመንካት ነው። ሲጫኑት የጠለቀው ስሜት ይመልስና የደነዘዘው ጤነኛ ሆኖ ይመዘገባል። ከስኳር ሕሙማን ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚያገኛቸው ስለሚገመት፣ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ቸል የሚባል አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር ቡድን ተጋላጭነቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነውን ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቁስል ወይም መቆረጥ የደረሰበትን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ማየት እንደሚገባ ይመክራል።

ስኳርና ሥጋ ደዌ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የሥጋ ደዌ ታማሚ እግር የሚቆስለው ሥጋው ራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማው እየረገጠ ስለሚያቆስለው መሆኑን በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው ፖል ብራንድ አስተማረ፤ በኋላም አሜሪካ ሄዶ ያንኑ እውቀት ለስኳር ሕሙማን አዋለው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 የተመሠረተው አለርትም (የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ፣ ተሐድሶና ሥልጠና ማዕከል) ከስሙ ጀምሮ የሥልጠና ማዕከል ነው፤ የነርቭ ምርመራን፣ የቁስል አያያዝንና ልዩ ጫማ ሥራን ከመላው አፍሪካ ለመጡ ባለሙያዎች አስተምሯል። ይህ የተከማቸ እውቀት ሥጋ ደዌ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። በሥልጠና አሰጣጥ ረገድ ታንዛኒያ ጥሩ አርአያ ናት። ደረጃ በደረጃ የተባለው የስኳር እግር ፕሮጀክት በ2000ዎቹ እዚያና በደቡብ እስያ ሲጀመር ለሥልጠና የጠራው ሐኪምና ነርስ በጥንድ ነበር። መሠረታዊውን ኮርስ ወስደው ወደየሆስፒታላቸው ይመለሳሉ፣ ይሠራሉ፣ ከጊዜ በኋላ ያጋጠማቸውን ይዘው ለላቀው ኮርስ ይመጣሉ። ብቻውን ሠልጥኖ የተመለሰ ነርስ አለቃው ካላመነበት ቁስል ማጠቢያ ክፍል እንኳ አያገኝም።

እንክብካቤውን ለማስተማር ሳፋ፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያስፈልጋል። እግሩ በሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ በጣቶች መሃልና በቆዳ እጥፋት ውስጥ ያለው እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ ፋሻው ከጣት ወደ ጉልበት ይጠመጠማል፤ ማታ እግር ከፍ ተደርጎ ይታደራል። ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን ማድረቁ ላይ ነው። እርጥብ ሆኖ የቀረ እጥፋት ተሰንጥቆ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ ያኔ እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ሰውየውን ትኩሳት ይዞት ለቀናት ይተኛል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመው ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ ምን እንደሚያመጣ ለክቷል፦ ያላገኙት ሰዎች በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ሲያማቸው፣ ያገኙት ወደ 19 ዝቅ አለላቸው። ለሚያርስ ሰው አምስት ጊዜ አለመተኛት ብዙ ነገር ነው።

ከእጅ ሥራው ይልቅ የሚከብደው አመለካከቱ ነው። በወላይታ 275 የጤና ባለሙያዎችን የጠየቀው በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ ይመስላቸው ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። የሚፈራ ባለሙያ እግሩን አይነካም፣ ካልነካው ደረጃውን አይሰጥም፣ ታማሚውም ፊቱን አይቶ ዳግመኛ አይመጣም። ይህን ፍርሃት ስላይድ አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው አሠልጣኙ በሠልጣኞቹ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ያንን እግር በእጁ ይዞ ሲያጥብና «እርስዎ እንዴት ያደርጉታል?» ብሎ ታማሚውን ሲጠይቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወላይታ በአሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎ የተጀመረው ሥራ ከዚህም ርቆ ሄዷል፤ ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ሌሎችን እንዲያስተምሩና እንዲንከባከቡ አደረገ። የነሱን ያህል የሚታመን አሠልጣኝ አላውቅም።

በመንግሥት ጤና ሥርዓት ውስጥ ያለው አደረጃጀት ለዚህ ይመቻል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታማሚውን ቤቱ ድረስ ያውቁታል፤ የጤና ጣቢያው ነርስና ጤና መኮንን ደግሞ የከበደውን ይቀበላሉ። በአዊ ዞን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር የሞከሩት አሠራር ፖዶኮኒዮሲስን፣ ፊላሪያሲስንና ሥጋ ደዌን በአንድ ሥልጠና አጣምሮ የአእምሮ ጤናንም ጨምሮበታል፤ ከሰርግና ከለቅሶ ራሱን ያራቀ ሰው እግሩ ብቻ ታክሞ አይድንምና። ችግሩ ያለው ከሥልጠናው በኋላ ነው። የሠለጠነው ሰው ይዛወራል፣ ፋሻው ያልቃል፣ የግዥ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ዓመቱ ያልፋል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ የሠልጣኝ ቁጥር ሳይ ብዙም አይገርመኝም፤ ከስድስት ወር በኋላ ድጋፋዊ ክትትል ሲደረግ መዝገቡ ላይ የእግር ዙሪያ ልኬት የተሞላባቸው ገጾች ስንት እንደሆኑ ማወቅ እመርጣለሁ። የተሻለው መንገድ ትምህርቱን በጤና ሳይንስ ኮሌጆች መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት ማስገባት ነው፤ ያኔ አንዱ ቢዛወር ተተኪው አውቆ ይመጣል።

ጫማም የሥልጠናው ክፍል ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ላበጠ እግር አይገባም፤ በግድ ቢገባም ይፍቃል፣ ያልባል። በወላይታ ለታማሚዎቹ በልካቸው ጫማ የሚሠራው ለዚህ ነው። ባለሙያው የእግሩን ርዝመት፣ ስፋትና የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ ለክቶ ለጫማ ሠሪው በወረቀት መላክ መቻል አለበት፤ እብጠቱ ሲጎድል ጫማው ስለሚሰፋም ልኬቱን በየጥቂት ወሩ ይደግመዋል።