ተጨማሪ መረጃ፦ ሆሎኮስት

ሆሎኮስት የናዚ ጀርመን መንግሥትና ግብረ አበሮቹ በአውሮፓ አይሁዶች ላይ የፈጸሙት የዘር ማጥፋት ወንጀል ነው። 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶች ተገድለዋል።

ወንጀሉ በአንድ ጀምበር የተፈጸመ አይደለም። አዶልፍ ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አይሁዶች ከመንግሥት ሥራ መባረር ጀመሩ። በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች የዜግነት መብታቸውን ገፈፏቸው። በኖቬምበር 1938 ደግሞ በመላ ጀርመን ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፤ 30,000 ያህል ወንዶችም ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በፖላንዷ ዋርሶ ብቻ ከ400,000 የሚበልጡ አይሁዶች በግንብ በታጠረ ጠባብ ሰፈር ታጎሩ፤ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም አብዛኞቹ ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ተወሰዱ። በዚያ ሰፈር የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉምና ባልደረቦቹ ማስታወሻ፣ የራሽን ካርድና የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር በምስጢር ሰብስበው፣ በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ጀሪካን አድርገው ቀበሩ። ከፊሉ በ1946 እና በ1950 ተቆፍሮ ወጥቷል።

የጅምላ ግድያው በ1941 ሶቪየት ኅብረት ስትወረር በጥይት ተጀመረ፤ ቀጥሎ በመርዝ ጋዝ ተስፋፋ። በአውሽዊትዝ ካምፕ ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል አይሁዶች ተገድለዋል።

ከዚህ እልቂት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዲሴምበር 1948 የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት አጸደቀ። ኢትዮጵያም በጁላይ 1949 ስምምነቱን በማጽደቅ ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች።