የሽንት ቱቦ የሚታጠበው መቼ ነው?

ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የገባለት ሕመምተኛ ከረጢቱ ውስጥ ሽንት አልወርድ ሲል፣ አስታማሚ ቶሎ የሚለው «ሲስተር፣ ቱቦው ይታጠብለት» ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቱቦ ማጠብ የጽዳት ሥራ አይደለም። ቱቦውና ከረጢቱ ተገጣጥመው የሚቆዩት ጀርም እንዳይገባ ነው፤ መገጣጠሚያው በተከፈተ ቁጥር ለኢንፌክሽን መንገድ ይከፈታል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ መዘጋት ካልተጠበቀ በቀር ፊኛን ማጠብ አይመክርም። መዘጋት የሚጠበቀው ለምሳሌ ከፕሮስቴት ወይም ከፊኛ ቀዶ ሕክምና በኋላ የረጋ ደም ሲኖር ነው።

ስለዚህ ነርሷ ሲሪንጅ ከማንሳቷ በፊት ውጭ ያለውን ታያለች። ቱቦው ታጥፏል? ሕመምተኛው ተኝቶበታል? ከረጢቱ ሞልቷል ወይስ ከፊኛው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል? የሆድ ድርቀትም ቱቦውን ተጭኖ ሊዘጋው ይችላል። ከእምብርት በታች ሆዱ ተወጥሮ የሚያም ከሆነ ሽንቱ ታግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፊኛው ባዶ ከሆነ ግን ችግሩ ቱቦው ላይ ላይሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ፈሳሽ አንሶት ወይም ኩላሊቱ ሽንት ማምረት ቀንሶ ይሆናል። እዚህ ላይ ማጠብ ምንም አይፈይድም።

መታጠብ እንዳለበት ሐኪም ካዘዘ፣ እጅ ይታጠባል፣ ስቴራይል ጓንት ይደረጋል፣ መገጣጠሚያው በአልኮል ይጠረጋል። የሚገባው ስቴራይል ኖርማል ሳላይን ነው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ፊኛው ይኮማተርና ያማል። በትልቅ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ በቀስታ ይገፋል። እምቢ ካለ በጉልበት መግፋት ክልክል ነው። በተለይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ፊኛ ሊቀደድ ይችላል። የገባው ተመልሶ ካልወጣም ሌላ መጨመር አይገባም፤ ሐኪም ይጠራል፣ ምናልባትም ቱቦው ይቀየራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሒሳቡ ነው። ሦስት ቀዳዳ ባለው ካቴተር ሳላይን ያለማቋረጥ ሲገባ፣ ከረጢቱ በሞላ ቁጥር ሕመምተኛው ብዙ የሸና ይመስላል። 3,000 ሚሊ ሊትር ገብቶ 3,700 ከወጣ፣ ሽንቱ 700 ብቻ ነው። የገባው ሳይቀነስ ከተመዘገበ የኩላሊት ድካም ተደብቆ ይቆያል። የወጣው ከገባው ካነሰ ደግሞ ፈሳሹ ፊኛው ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሆነ ሳላይን ማስገባቱ ወዲያው ይቆማል።

ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው ካልሠለጠነ ማጠቡን አይሞክረው። የእሱ ድርሻ ከረጢቱን ከፊኛው ዝቅ አድርጎ፣ ወለል ሳያስነካ መስቀል፣ ሳይሞላ መድፋት፣ ከመድፋቱ በፊትና በኋላም እጁን መታጠብ ነው። ሽንት ከቆመ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም የረጋ ደም ከታየ ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው። የላይኛው አከርካሪው የተጎዳ ሰው ቱቦው ተዘግቶ ድንገት ከባድ ራስ ምታትና የፊት ላብ ካመጣ፣ የደም ግፊቱ አደገኛ በሆነ መጠን እየጨመረ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃም መዘግየት የለበትም።