የመፀው ዕረፍት በመቱና በጎሬ፤ ነጋዴ ቡናውን በአገሩ የሚያይበት ወራት

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዕረፍት የሚባለውን ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ሲያስተላልፈው ይኖራል። አስመጪው መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ላኪው የውሉ ቀን እስኪያልፍ፣ ባለሱቁም የበዓሉ ገበያ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጊዜ ያገኘ እንደ ሆነም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ነው። የሐይቅ ዳር ዕረፍት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በወርኃ ኅዳር አራት ቀን ማግኘት የቻለ ነጋዴ፣ ይልቁንም እንጀራው ከቡና ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ወደ መቱ፣ ወደ ጎሬና በዙሪያቸው ወዳሉት የኢሉባቦር ከተሞች ቢጓዝ ዕረፍትም ትምህርትም ያገኛል።

ወራቱ መፀው ይባላል። በአባቶች አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው የአበባ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው «ጸደይ» እያለ የሚጠራው ይህንኑ ነው፤ እውነተኛው ጸደይ ግን የሚገባው ከመጋቢት 26 ቀን በኋላ ነው። በስሙ መሳሳት ብዙ ጉዳት የለውም፤ በቀኑ መሳሳት ግን ጉዞውን ያበላሻል። በሸዋ ደጋ ዝናቡ በመስቀል ሰሞን ሲያባራ የኢሉባቦር ሰማይ ቶሎ አይለቅም። አገሩ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ክፍሎች አንዱ ስለ ሆነ በጥቅምትም ደመናው ተመላልሶ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አይቶ በመስከረም መጨረሻ የተነሣ መንገደኛ መቱ ሲገባ የሚቀበለው ጭቃ ነው። በኅዳር ግን ዝናቡ ሳስቶ፣ ወንዞቹ ገና ሳይጎድሉ፣ በጫካው ውስጥ ያለው ቡና ቀልቶ ለለቀማ ይደርሳል። እነዚህ ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜ በዓመት ውስጥ አጭር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታሰበው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350፣ ከጅማ እስከ በደሌ 140፣ ከበደሌ እስከ መቱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይቈጠራል፤ ባንድነት 600 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ እሑድ ማታ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ከመኪናው ወንበር በቀር የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ በሚገባ የታሰበ ዕቅድ ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለውን ቀን የያዘ ነው። ዓርብ ጧት በአውሮፕላን ጅማ ደርሶ፣ ከዚያ በመኪና አጋሮን አልፎ፣ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ፣ ምሳውን በደሌ ላይ በልቶ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ መቱ መግባት ይቻላል። በነቀምቴ በኩል በደሌ የሚያደርስ ሌላ መንገድም አለ። በየትኛውም በኩል ቢሆን ከመነሣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ በዚያው አገር ካለ ደንበኛ በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጋዴ ገበያ ሳይጠይቅ ጭነት እንደማያስነሣ ሁሉ፣ መንገድ ሳይጠይቅ ቤተሰቡን ይዞ መነሣት አይገባውም።

በደሌን ባለሱቅ ሁሉ በጠርሙስ ያውቃታል። በ1985 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሃይንከን ኩባንያ የተሸጠው የቢራ ፋብሪካ የከተማይቱን ስም በየመሸታ ቤቱ አድርሶታል። በምልክቱ ላይ የሚታየው ጦጣ መሰል እንስሳ ጉሬዛ ነው፤ ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድም በመንገዱ ዳር ባሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ነጭና ጥቁር ጠጕሩን እያርገበገበ ሲዘል ይገኛል። ልጆች ያሉት መንገደኛ ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው መንገዱ ያጥርላቸዋል።

መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ አየርዋ ለስላሳ የሆነ የቡና ከተማ ናት። ቅዳሜ ጧት ከከተማይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የሶር ፏፏቴ መሄድ ይገባል። መኪና እስከ በር አያደርስም፤ የመጨረሻው መንገድ በጫካ ውስጥ በእግር የሚኬድ ስለ ሆነ የከተማ ጫማ ያደረገ ሰው ይቸገራል። የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጎ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶ መሄድ ለሁለቱም ይበጃል። በመፀው የክረምቱ ውኃ ገና ስላልጎደለ ፏፏቴው በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል፤ ርጭቱም በገደሉ ዙሪያ ያለውን ዛፍና ቅጠል ሁሉ ያረጥባል። ሶር ከዚያ ወርዶ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ የገባም ውኃ በመጨረሻ ከባሮ ጋር ይቀላቀላል።

ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ጉዞ ወደ ጎሬ ነው። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ካፖርት ያልያዘ እንግዳ ማታ ይቈጨዋል። ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ወደ መቱ ሳይዛወር በፊት ግን የኢሉባቦር ራስ ነበረች፤ ራስ ተሰማ ናደውም አገሩን ሲገዙ መቀመጫቸው እዚሁ ነበር። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጠላት ከተያዘች በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም ሳይጠፋ የቆየው በጎሬ ነው፤ ከተማይቱ በኢጣልያ ጦር የተያዘችው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነበር።

ለነጋዴ ደግሞ ጎሬ ሌላ ታሪክ አላት። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ይኸውም ጋምቤላ ነው። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ ወደዚያ እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ በአጸፋው ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይገባ ነበር። የግሪክ፣ የሶርያና የሌሎች አገሮች ነጋድያን በጎሬና በጋምቤላ መደብር ከፍተው የነገዱትም በዚህ ምክንያት ነው። የዚያ ዘመን ላኪ ግን ከዛሬው ይልቅ ትዕግሥተኛ መሆን ነበረበት። መርከቡ ጋምቤላ ሊደርስ የሚችለው ባሮ ሲሞላ፣ ማለት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነበር፤ ቡናው የሚለቀመው ደግሞ ወንዙ መጕደል ሲጀምር ነው። በመፀው የተለቀመው ቡና በበጋ ተጓጕዞ፣ የሚቀጥለው ክረምት እስኪገባ በመጋዘን ይጠብቃል፤ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮት ይጠብቃል። ዛሬ ጭነቱ በጅማ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ የባሮ መርከብ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል፤ የጋምቤላም ጣቢያ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ከጎሬ ሲመለሱ ጊዜ የተረፈ እንደ ሆነ የጉመሮን የሻይ ተክል ማየት አይከፋም፤ አረንጓዴው መደዳ ተራራውን እንደ ምንጣፍ ለብሶት ይታያል። ይህ ተክልና በካፋ ያለው የውሽውሽ ተክል የአንድ ኩባንያ ሀብት ናቸው።

እሑድ የሚሰጠው ለያዩ ነው፤ ከጉዞውም ሁሉ ዋነኛው ክፍል ይህ ነው። ያዩ በመቱና በበደሌ መካከል በመመለሻው መንገድ ላይ ስለምትገኝ ለእርስዋ ተብሎ የሚጨመር መንገድ የለም። የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም ከተጠበቁት ብዝኀ ሕይወት ክልሎች ጋር ተመዝግቧል። ጠቅላላ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 27,733 ሄክታሩ ሰው እንዳይነካው የተከለለ እምብርት ነው። በዙሪያው ባለው ጫካ ገበሬው የቡናውን ሥር እየመነጠረ፣ ጥላውን እያሳሳ ይለቅማል፤ ከዚያ ውጭ ያለው የእርሻና የመኖሪያ መሬት ነው። በዚህ ጫካ ውስጥ ቡና ተክል ሳይሆን የዱር ዛፍ ነው። ማንም ሳይተክለው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በቅሎ፣ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። ኮረሪማና ጥምዝም ከዚያው ይለቀማሉ፤ ከዛፉ ጫፍ ላይ የተሰቀሉት ረጃጅም ቀፎዎች የጫካውን ማር የሚሰጡ ናቸው።

ቡና ላኪ ይህን ሲያይ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታይቶ ብዙ ማሳ ባበላሸ ጊዜ መድኃኒቱ የተፈለገው ከባሕር ማዶ ብቻ አልነበረም። የጅማ የእርሻ ምርምር ሠራተኞች በምዕራብ ጫካዎች እየተዘዋወሩ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች መረጡ። ዛሬ 74110 እና 74112 ተብለው የሚጠሩት ዝርያዎች እናት ዛፎች የተገኙት በዚሁ በመቱ አውራጃ፣ ቢሻሪ በሚባለው ስፍራ ነው። በቍጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1974ን ያመለክታል። እነዚህ ዝርያዎች ዛሬ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጉጂ ማሳ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ የይርጋ ጨፌን ስም በጆንያው ላይ ጽፎ የሚልክ ነጋዴ፣ በጆንያው ውስጥ ካለው ፍሬ አንዳንዱ የዘር ሐረጉ ከኢሉባቦር የሚመዘዝ መሆኑን ሳያውቅ ኖሮ ይሆናል። ጫካው ለእርሻ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ዛፎች አይገኙም ነበር፤ ነገ ለሚመጣው ሌላ በሽታ የሚሆነውም ዘር የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ገበሬው ጥላውን ዛፍ የሚቈርጠው ወይም የሚተወው በየዓመቱ ለጫካው ቡና በሚከፈለው ዋጋ ሲሆን፣ ያን ዋጋ የሚወስኑት በአብዛኛው የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ናቸው።

በለቀማው ሰሞን መሄድ አንድ ችግር ያስከትላል። ወራቱ የቡና ግዥ ወራት በመሆኑ አቅራቢዎችና ሾፌሮች የመቱንና የበደሌን አልጋ ይይዙታል፤ ስለዚህ ማረፊያውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት መያዝ ይበጃል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባም የሚጾምና የማይጾም አብረው የሚጓዙ እንደ ሆነ ምግቡን አስቀድሞ ለቤቱ ባለቤት ማስታወቅ ጥሩ ነው። በየግቢው በአልጋ ላይ የተሰጣው ቀይ እሸት ቡና ወደ ጀንፈል ሲለወጥ ማየት ለከተማ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ለቀማ ላይ ያለውን ቤተሰብ ሥራ ማስፈታት አይገባም። እሸቱን በእጅ ማገላበጥ የፈለገም ባለቤቱን አስፈቅዶ ነው።

መመለሻው እሑድ ከሰዓት በኋላ በደሌን አልፎ ጅማ አድሮ፣ ሰኞ ጧት በሚነሣው አውሮፕላን ነው። ለቤት የሚሆን ማርና ኮረሪማ መግዛት ይቻላል፤ ማሩ ግን ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ዕቃ ካልታሰረ የመኪናውን ምንጣፍ ያበላሻል፤ ጅማ ላይም ወደ አውሮፕላኑ ሲገባ ከሻንጣ ጋር እንጂ በእጅ እንዲያዝ አይፈቀድም። ቡናን ያየ እንደ ሆነ አንዳንዱ ነጋዴ ሁለት ሦስት ኩንታል ጭኖ መመለስ ያምረዋል። ያለ ፈቃድ ቡናን በብዛት ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ በኬላ ይያዛል፤ ለቤቱ የሚበቃውን ጥቂት ኪሎ ይዞ፣ የቀረውን በደንቡ መሠረት በአቅራቢው በኩል ማዘዝ ይገባዋል።