ተጨማሪ መረጃ፦ ካርታኼና፣ በግንብ የታጠረችው ወደብ

ካርታኼና በኮሎምቢያ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1533 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቆረቆራት ስፔናዊው ፔድሮ ደ ኤሬዲያ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተጋዘ ወርቅና ብር በዚህ ወደብ በኩል ወደ ስፔን ስለሚጫን የባሕር ዘራፊዎች ዓይናቸውን ጣሉባት። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1586 ከተማዋን ያዘ፤ የለቀቀውም ጠቀም ያለ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ነው። ስፔኖች ከዚያ በኋላ ከተማዋን በግንብ አጠሩ፤ ምሽጎቿንም አጠናከሩ።

ልፋታቸው በ1741 ፍሬ አፈራ። ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቡድን ከተማዋን ከበበ። መካቹ ብላስ ደ ሌዞ አንድ እግሩንና አንድ ዓይኑን በቀደሙ ውጊያዎች ያጣ አዛዥ ነበር። እንግሊዞች ገና ሳያሸንፉ የድል ሜዳሊያ አስቀረጹ፤ በሽታና መከላከያው ግን አሸነፏቸው። ሜዳሊያዎቹ ዛሬ በሙዚየም ይገኛሉ፤ ለችኩል ፉከራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ባለ ቀለም ቤቶቹና በአበባ የተሸፈኑት በረንዳዎች ግን የታሪኩን ግማሽ ይሸፍናሉ። ካርታኼና በስፔን አሜሪካ ከነበሩት ዋና ዋና የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ያመለጡ አፍሪካውያን የመሠረቷት የሳን ባሲሊዮ ደ ፓሌንኬ መንደር እስካሁን አለች፤ ነዋሪዎቿም ስፔንኛንና የባንቱ ቋንቋዎችን ያዋሐደ የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። በከተማዋ ጎዳናዎች ፍራፍሬ የሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ካርታኼናን የሚጎበኝ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ግንቡ ላይ ይራመድ፤ ከዚያም ወደ ፓሌንኬ ይሂድ።