ስምን ይዞ መሰደድ፦ ያልተማከሉ የማኅበራዊ መገናኛ መረቦች ዳሰሳ

በኦገስት 2025 (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች የተጠቃሚዎቻቸውን ሁሉ ዕድሜ እንዲያረጋግጡ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉትም የወላጅ ፈቃድ እንዲቀበሉ የሚያስገድደው የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ሕግ ክርክሩ እስኪፈጸም ድረስ እንዲታገድ የቀረበለትን ልመና የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባልተቀበለ ጊዜ፣ ብሉስካይ የተባለው መረብ፣ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 10,000 ዶላር የሚደርሰውን መቀጫ መሸከምም ሆነ የሰውን ሁሉ ማንነት የሚመረምር መሣሪያ ማቆም ከዐቅሙ በላይ መሆኑን ገልጾ በሩን በግዛቲቱ ነዋሪዎች ላይ ዘጋ። ማስቶዶን የተባለው ሌላው ያልተማከለ መረብ ማኅበርም ለዚህ የሚሆን ዘዴ እንደሌለውና ነገሩ በየስፍራው የተተከሉትን ሰርቨሮች ባለቤቶች የሚመለከት መሆኑን አስታወቀ። ይሁን እንጂ ብሉስካይ የዘጋው የራሱን አፕ ብቻ ስለ ነበረ፣ በዚያው ፕሮቶኮል ላይ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው አፖች በዚህ መዘጋት አልተነኩም፤ ያው የሚሲሲፒ ሰው በዚያው ስሙ፣ ከነጽሑፎቹና ከነተከታዮቹ፣ በሌላ በር ሊገባ ይችል ነበር ማለት ነው። መረጃን ይዞ የመውጣት መብት፣ የኃላፊነት ሸክምና የማንነት ምሥጢር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲወሳ የኖረ ነገር ቢሆንም፣ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ሦስቱም ተገናኙ፤ በዚህ ጸሐፊ እምነትም ሦስቱ የሚበቅሉበት ሥር አንድ ነው፤ እርሱም የሰውየውን ስም የያዘው እጅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

የእነዚህ መረቦች ጥንተ ነገር በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ኢሜይል ከጧቱ ያልተማከለ፣ ማለትም በአንድ ድርጅት እጅ ያልተያዘ ነበረ፤ ዲያስፖራ የተባለው መረብ በ2010 ተጀመረ፤ ጀርመናዊው ኦይገን ሮችኮ ማስቶዶንን በ2016 አወጣ፤ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ፕሮቶኮል በጃንዋሪ 2018 የዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ማኅበር ማጽደቂያ አገኘ። ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን በገዛ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ማስቶዶን ፈለሰ። ጃክ ዶርሲ በ2019 በትዊተር ጥላ ሥር ያስጀመረው፣ ከ2021 ጀምሮ በጄይ ግሬበር የተመራው ብሉስካይ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 በሩን ለሁሉ ከፍቶ በዓመት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አፈራ።

መረጃን ይዞ የመውጣት መብት በሕግ ቋንቋ ከተነገረባቸው ስፍራዎች ዋነኛው በሜይ 2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ 20ኛ አንቀጽ ሲሆን፣ ሰው ለድርጅት የሰጠውን መረጃ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ ተቀብሎ ወደ ሌላ የማስተላለፍ ሥልጣን ሰጥቶታል። ነገር ግን ከፌስቡክ ወይም ከሌላው ድርጅት የሚወርደው የታሸገ ፋይል፣ ሰውየው የጻፈውን ሁሉ ቢይዝም፣ የሚያነብበትን ጉባኤ አይዝም፤ ተከታዮቹ ሁሉ እዚያው ቀርተው እርሱ ብቻ ጽሑፉን ተሸክሞ ይወጣልና። ማስቶዶን በ2019 የወጣው ሦስተኛው እትሙ ያመጣው መፍትሔ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አካውንቱን ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያዛውር ሰው ተከታዮቹ በራሳቸው ይከተሉታል፣ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን በለቀቀው ሰርቨር ይቀራሉ። ይህም የሚሆነው የቀድሞው ሰርቨር በሕይወት ካለና አስተዳዳሪው ዝውውሩን ካላሰናከለ ነው፤ የሰውየው ስም ከሰርቨሩ የዶሜይን ስም ጋር የተጋባ ስለ ሆነ፣ ዶሜይኑ የጠፋ ዕለት ስሙም አብሮ ይጠፋል። በ2023 የማሊ መንግሥት በአገሩ ስም የሚጠሩትን ዶሜይኖች አስተዳደር ከውጭ ድርጅት እጅ በመለሰ ጊዜ ስማቸው ከተወሰደባቸው መካከል የዚህ ዓይነት መረብ ሰርቨር ይገኝበት ነበር፤ በዚያ የተመዘገቡት ሰዎች አንዳች ጥፋት ሳይኖርባቸው ስማቸውን አጡ።

ብሉስካይ የተሠራበት ኤቲ ፕሮቶኮል ለዚህ ሕመም መድኃኒት እንዲሆን የታሰበ ነው። አጥቢያውን የሚለውጥ ምእመን የክርስትና ስሙን እንደማይለውጥ ሁሉ፣ በዚህ ሥርዓት ሰው የሚታወቀው በማይለወጥ መለያ ስለ ሆነ፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ሰርቨር ቢለውጥ፣ ሰርቨሩም በድንገት ቢዘጋ፣ ቅጂውን ያስቀረና የራሱን ቍልፍ፣ ማለትም መለያው የእርሱ መሆኑን የሚያስመሰክርለትን ምሥጢራዊ ኮድ፣ የያዘ ሰው ሁለመናውን ይዞ ሌላ ዘንድ ሊቆም ይችላል። አሳቡ ያማረ ነው፤ ይህ ጸሐፊም እስከ ዛሬ ካየው ሁሉ የሚያደንቀው ይህን ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች ቍልፋቸውን ራሳቸው አይዙም፤ የሚይዝላቸው ያው መረጃቸውን የሚያስቀምጠው ሰርቨር ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚገኘውም በብሉስካይ ሰርቨሮች ላይ ነው። መለያዎቹ ሁሉ የሚጻፉበት ባሕረ መዝገብም በዚሁ ድርጅት እጅ ኖሮ፣ ድርጅቱ በሴፕቴምበር 2025 መዝገቡን በስዊስ ሕግ ወደሚቋቋም ነጻ ማኅበር እንደሚያዛውር አስታውቋል። ይህ ከማናቸውም አዲስ አፕ የሚበልጥ ዜና ነው፤ ምክንያቱም ነጻ መውጣት የሚቻልበት መብት በአንድ ነጋዴ ድርጅት መዝገብ ላይ እስከ ተጻፈ ድረስ፣ መብቱ በነጋዴው ቸርነት የቆመ ይሆናል። ሥርዓቱ ለባለ ቍልፉ የሰጠው አንድ ጠቃሚ መከላከያ አለ፦ ሰርቨሩ ያለፈቃድ መለያውን ቢለውጥበት፣ ከፍ ያለውን ቍልፍ የያዘ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ለውጡን ሊሽር ይችላል። ኖስተር የተባለው መረብ በበኩሉ መዝገብም ሰርቨርም ሳያስቸግር ሰውን በቍልፉ ብቻ ያውቀዋል፤ ቍልፉን የጣለ ሰው ግን ዳኛ የለውም፣ የተሰረቀበትም እንዲሁ፤ ይህን ለተራው ሕዝብ ነጻነት ብሎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለንም።

ኃላፊነትን በተመለከተ የአሜሪካ ሕግ ለሰርቨር ባለቤት ለጋስ ነው። የ1996ቱ ሕግ 230ኛ ክፍል ሌላው ሰው በጻፈው እንዳይጠየቅ ይጠብቀዋል፤ የቅጂ መብት ጉዳይ ግን ከዚህ ውጭ ስለ ሆነ፣ የ1998ቱን ሕግ ከለላ የሚሻ ሰው ወኪሉን በቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ6 ዶላር ማስመዝገብና በየሦስት ዓመቱ ማደስ አለበት። የአውሮፓው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ ትንንሾቹን ከብዙው ግዴታ ነጻ አውጥቷል። ሕጉ ቢለግስም ሥራው ይከብዳል፤ በ2014 ከትዊተር የተባረሩት የእስላማዊ መንግሥት ነን ባዮች ወደ ዲያስፖራ በገቡ ጊዜ የመረቡ ሠሪዎች ጽሑፉን ከሰው ሰርቨር የሚያነሡበት ሥልጣን ስላልነበራቸው የየሰርቨሩን አስተዳዳሪዎች ከመማጸን ሌላ ማድረግ የቻሉት አልነበረም። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ታላላቅ የተባሉ ሰርቨሮችን ለሁለት ቀን መርምረው፣ ከ325,000 ገደማ ጽሑፎች መካከል አስቀድሞ የታወቁ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስሎችን 112 ጊዜ አግኝተዋል። ያልተማከለውን መረብ የምንወድ ሰዎች ይህን ቍጥር አቃልለን ልናልፈው አይገባንም።

በአውሮፓ የበጎ ፈቃድ አስተዳዳሪ ሁሉ ሊያውቃት የሚገባው አንዲት ስዊድናዊት አለች። ቦዲል ሊንድቅቪስት በደብሯ ውስጥ ለእምነት ማጽኛ ሥርዓት የሚዘጋጁ ምእመናንን የምታስተምር በጎ ፈቃደኛ ሴት ነበረች፤ በ1998 ለእነርሱ እንዲጠቅም ብላ በቤቷ ኮምፒዩተር ባዘጋጀችው ገጽ ላይ ስለ 18 የደብሩ ባልደረቦቿ፣ ስለ ሥራቸውና ስለ ጠባያቸው፣ አንዷም እግሯን ታምማ በግማሽ ቀን እንደምትሠራ ጻፈች። ባልደረቦቿ ቅር መሰኘታቸውን ባወቀች ጊዜ ገጹን ብታነሣም፣ ተከስሳ 4,000 ክሮነር ተቀጣች፤ ጉዳዩም በይግባኝ ወደ አውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ተመርቶ፣ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2003 በሰጠው ብያኔ፣ ወሰን ለሌለው ሕዝብ የሚታይ ገጽ ሕጉ ለቤትና ለቤተሰብ ጉዳይ በተወው ነጻነት እንደማይሸፈን አስታወቀ። ልበ ቀናነቷን የተጠራጠረ አልነበረም። ዛሬ በመኝታ ክፍሉ ሰርቨር ተክሎ ለሦስት መቶ ሰው ያለ ክፍያ የሚያገለግለው የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ወጣት ከእርሷ የተሻለ የሕግ መጠጊያ የለውም፤ በመረጃ ሕግ ዓይን ሲታይ ባለ አደራ እርሱ ራሱ ነው።

የአደራው ክብደት የሚታወቀው ምሥጢር የተባለውን ስንመረምር ነው። በማስቶዶን ሁለት ሰዎች ለብቻቸው የሚጻጻፉት መልእክት ያልተመሰጠረ በመሆኑ የሁለቱም ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ሊያነቡት ይችላሉ። በሜይ 2023 የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ፖሊሶች ኮሌክቲቫ የተባለውን ሰርቨር ከሚያስተዳድሩት የአንዱን ቤት፣ ከሰርቨሩ ጋር በማይገናኝ ጉዳይ፣ ሲፈትሹ ከያዟቸው ዕቃዎች መካከል ያልተመሰጠረ የመረጃ ቋቱ ቅጂ ተገኘ፤ አንዳች ያልተጠረጠሩ ሰዎች የኢሜይል አድራሻና የግል መልእክት ሁሉ በፖሊስ እጅ ገባ። የሰረዝኸውም ጽሑፍ ቅጂው ከደረሳቸው ሰርቨሮች ሁሉ መሰረዙን የሚያረጋግጥልህ የለም። በብሉስካይ ደግሞ ማንን እንዳገድህ እንኳ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው፤ በኖቬምበር 2024 አንድ ሚሊዮን ጽሑፎች ለማሽን ማሠልጠኛ ተሰብስበው ከወጡ በኋላ ሰብሳቢው በሕዝብ ቍጣ ማንሣቱ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ብሪጂ ፌድ የተባለው፣ በሁለቱ መረቦች መካከል የተሠራው ድልድይ፣ አልፈልግም ያላለውን ሰው ጽሑፍ ሁሉ እንዲያሻግር በታሰበ ጊዜ የማስቶዶን ሰዎች በብርቱ ተቃውመው፣ ፈቅጃለሁ ያለ ብቻ እንዲሻገር ሆነ። የተቃዋሚዎቹ ቃል የመረረ ቢሆንም በነገሩ እውነት ነበራቸው፤ በአንድ ጉባኤ ፊት የተናገረ ሰው በሌላው ፊት ሊናገር ተስማምቷል ማለት አይደለምና።

የእኛ አገር የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሣ ያዛል፤ በኤፕሪል 2025ም የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ በፌስቡክ ስለ ተሰራጨው ጥላቻ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ የቀረበውን ክስ ለማየት ሥልጣን እንዳለው በይኗል። ሁለቱም የሚጠራ፣ የሚከሰስ፣ ካሳ የሚከፍል ድርጅት አለ ከሚል የተነሡ ናቸው። አንድ ዐማርኛ ተናጋሪ በፍራንክፈርት ሰርቨር ላይ የጻፈው፣ በቶሮንቶና በሴኡል ቅጂው የተቀመጠ ጽሑፍ የሰው ሕይወት ያጠፋ እንደ ሆነ ግን፣ ጥቆማው ለማን ይድረስ? ተጎጂው ከሳሽ ሆኖ የሚቆምበትን መንገድ ሳያበጁ የድርጅቶችን መፍረስ ብቻ መስበክ ከእኛ አገር ሁኔታ አንጻር ፍርደ ገምድልነት ነው።

መረጃን ይዞ ወደ መውጣት መብት ስንመለስ፣ የአሜሪካው የዩታ ክፍለ ግዛት በማርች 2025 ያጸደቀው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ድርጅቶች የተጠቃሚውን መረጃ ከነግንኙነቶቹ ወደ ሌላ እንዲያስተላልፉ በክፍት ፕሮቶኮልም ከሌሎች ጋር እንዲገናኙ ሲያስገድድ፣ የቀረው ክርክር የሚነሣው በአውሮፓው 20ኛ አንቀጽ አራተኛ ንኡስ አንቀጽ በተነገረው ላይ ነው፤ ይኸውም የአንዱ መረጃን ይዞ መውጣት የሌሎችን መብት እንዳይጎዳ የሚለው ነው። የተከታዮቼ ዝርዝር የእኔ የሆነውን ያህል የእነርሱም ነው፤ ከመካከላቸው በተሰወረ ስም የሚጽፍ ጋዜጠኛ ወይም ከባሏ የሸሸች ሴት ብትኖር፣ እኔ ወደ ሄድሁበት ሰርቨር እንድወስዳቸው ፈቃዳቸውን የሚጠይቅ ደንብ ፕሮቶኮሎቹን ከሚጽፉት ሰዎች ይጠበቃል።